ከተራራው ግርጌ ያለው ልጅ

ደብረ ታቦር ስሟን ያገኘችው ከታቦር ተራራ ነው። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ክብሩን ለጴጥሮስ፣ ለያዕቆብና ለዮሐንስ የገለጠው በዚያ ተራራ ላይ እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን በፋርጣ፣ በእስቴና በጋይንት ሰማይ ላይ ጅራፍ ሲጮህም የሚታሰበው ይኸው የተራራው ብርሃን ነው።

የወንጌሉ ታሪክ ግን በተራራው ላይ አያልቅም። ማቴዎስ በምዕራፍ 17፣ ማርቆስ በምዕራፍ 9፣ ሉቃስም በምዕራፍ 9 ከተራራው ሲወርዱ ስለ ጠበቃቸው አንድ ልጅ ይናገራሉ። ልጁ እየወደቀ ይንፈራገጣል፤ ብዙ ጊዜ እሳት ውስጥና ውኃ ውስጥ ወድቋል፤ ማርቆስ እንደሚነግረን መናገርም አይችልም። ደቀ መዛሙርቱ ሊረዱት አልቻሉም። ጸሐፍት ከእነርሱ ጋር ይከራከራሉ፤ ሕዝቡ ከብቦ ያያል። ስለ ልጁ የማይናገር ሰው የለም፤ ዝም ያለው ልጁ ብቻ ነው።

ጌታ ልጁን ከመፈወሱ በፊት ምን እንዳደረገ ልብ በሉ። ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ እንዳለበት አባቱን ጠየቀ። ነገሩን ሁሉ የሚያውቅ ጌታ የልጁን ታሪክ ከሚያውቀው ሰው አፍ ሰማ። አባትየውም ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ሆነ ተናገረ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ልጅ እኩዮች ነው። ትምህርት ቶሎ የማይገባቸው፣ ጥያቄ የሚያደናግራቸው፣ አእምሯቸው ከዕድሜያቸው ወደ ኋላ የቀረ ወጣቶች በፖሊስ ጣቢያና በዳኛ ፊት ሲቆሙ ምን ይደርስባቸዋል? የአገራችን ታሪክስ ስለ እነርሱ ምን ይላል? ታሪኩን ማወቅ ያለብን ነገሩ ዛሬም ስላላለቀ ነው።

የተናገረ የሚረታበት ሸንጎ

ደብረ ታቦር ከራስ ጉግሣ ዘመን ጀምሮ የየጁ መሳፍንት፣ በኋላም ራስ አሊና አፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት የአገር ገዢዎች መናገሻ ነበረች። መናገሻ ባለበት ችሎት አለ፤ ችሎት ባለበትም ሙግት አለ። የደጋው ሰው ሙግት ይወዳል። በላ ልበልሃ በሚባለው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ ነገራቸውን በምሳሌና በቅኔ እያሳመሩ፣ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር። ዳኛው ያዳምጣል፤ የተሰበሰበው ሕዝብም ያደንቃል። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት እንዲሁ አይደለም። አንደበት ያለው ሰው ሹመትም፣ ርስትም፣ ነጻነትም ያገኝበት የነበረ ዘመን ነው።

እንዲህ ባለው ሸንጎ ቃል የሚጠፋበት ልጅ ምን ተስፋ ነበረው? ከሳሽ ሲናገር ክሩን መከተል አይችልም። ተራው ሲደርስ የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን ይመልሳል፤ ወይም ዝም ይላል። ዝምታው እንደ ማመን፣ መሳቁ እንደ ንቀት፣ መሸሹ እንደ ጥፋት ማስረጃ ሊቆጠርበት ይችላል። በአገራችን ማንም ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል ባለበት ይቆም ነበር። ይህ ታላቅ የሕግ አክባሪነት ምልክት ነው። ነገር ግን ለመቆም ቃሉን መስማት ብቻ አይበቃም፤ ትርጉሙን መረዳት ያስፈልጋል። ያልገባው ልጅ ደንግጦ ቢሮጥ ሕግ ንቆ እንደ ሮጠ ይታይ ነበር።

ሌሎችም ሥርዓቶች ነበሩ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ከሳሽና ተከሳሽ አብረው የሚታሰሩበት ቁራኛ አንዱ ነው። ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ፣ የሚጠረጥረውን እስኪናገር ድረስ የሚያዝበት አውጫጭ ሌላው ነው። ሁሉም ወደ ቤቱ ለመመለስ በቸኮለበት ስብሰባ፣ ተሟጋች ዘመድ በሌለውና ራሱን ማስረዳት በማይችል ሰው ላይ ጣት መቀሰር ምን ያህል ቀላል እንደሚሆን ገምቱ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ሌባሻይ የሚባለው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነበር። ለአንድ ትንሽ ልጅ አእምሮ የሚያስት መድኃኒት በወተት ይሰጡታል፤ ጭስም ያስምጉታል። ከዚያ ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ፍርድ የሚፈልጉ አዋቂዎች የአንድን ልጅ አእምሮ አደንዝዘው የፍርድ መሣሪያ አደረጉት ማለት ነው። ልማዱ በኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ጠፍቷል።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን ሥርዓት በሙሉ መኮነን ፍትሐዊ አይሆንም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብጻዊው ኢብን አል-አሳል በዓረብኛ ያዘጋጀውና ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ሕፃንንና አእምሮውን የሳተ ሰውን ከአዋቂ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዝንም። በየመንደሩ ያለው ሽምግልናም አንድ ትልቅ በጎ ነገር ነበረው፤ ሽማግሌዎቹ ልጁን ያውቁታል። መቼ እንደ ተወለደ፣ ስንት ዓመት ሲሆነው እንደ ተራመደ፣ ጥጃ ሲጠብቅ ስንት ጊዜ እንደ ጠፋበት ያውቃሉ። ስለዚህ አባቱ ካሣ ከፍሎ፣ ተበዳዩ ታርቆ፣ ልጁ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ነበር። ጌታ ለአባትየው ያቀረበውን ጥያቄ ሽማግሌው ገና ሳይጠይቅ መልሱን ያውቀው ነበር።

ከጋፋት እስከ ሊባኖስ

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ሁላችሁም የምታውቁት አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት መሆኑን ነው። መድፉን የሠሩት ሰዎች ግን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት መድፍ ሊሠሩ አልነበረም። ቀድሞ በኢትዮጵያ ያገለገለው የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ባነሣሣው ሐሳብ፣ በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ ባለ እጅ ወንጌላውያን ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው፣ በእጃቸው እየሠሩ ሊያስተምሩ መጡ። ንጉሡ ግን የእጃቸውን ጥበብ ለጦር መሣሪያ ፈለገው።

ከእነርሱ አንዱ ቴዎፊል ቫልድማየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 በስዊዘርላንድ ተወለደ። በኢትዮጵያ ሳለ የእንግሊዛዊው የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ በኋላ ከኢትዮጵያ ወጥቶ ወደ ሊባኖስ ተራሮች ሄደ። በዚያም በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ።

የቫልድማየር የመጨረሻ ሥራ ግን ለርእሳችን ይቀርባል። በዚያ አገር አእምሯቸው የታወከ ሰዎች ጋኔን ይለቃቸዋል በሚል ወደ ገዳም ዋሻ ተወስደው በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ቫልድማየር ሰንሰለቱ እንዲቀር ፈለገ። በሽምግልናው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞረ ገንዘብ ለመነ። እ.ኤ.አ. በ1896 የሊባኖስ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተመሠረተ፤ በ1900 በቤይሩት አጠገብ አስፉሪየህ በተባለ ኮረብታ ሕሙማንን መቀበል ጀመረ። በመካከለኛው ምሥራቅ ከተከፈቱት ዘመናዊ የአእምሮ ሕክምና ተቋማት ቀደምቱ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን አስተውሉ። በደብረ ታቦር ደጋ ላይ የኖረ፣ የነገሥታትን ሰንሰለትና እስረኛ ያየ ወንጌላዊ ዘመኑን የፈጸመው የሌሎችን ሰንሰለት በማስፈታት ነው። የእኛ ደጋ ግን እንዲህ ያለ ቤት ሳያገኝ ብዙ ዘመን አለፈ። የአገራችን የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አማኑኤል የተከፈተው በጣሊያን ወረራ ዘመን አካባቢ፣ ያውም በአዲስ አበባ ነው። ከደብረ ታቦር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ሕጉ ምን አለ?

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ወጣ። ሥራ ላይ የዋለውም በድል በዓል ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። ይህ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል እንዳይጠየቅ ደነገገ። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን «ወጣት ጥፋተኞች» ብሎ ለይቶ የተለየ አያያዝ ሰጣቸው።

አንቀጽ 51ን ደግሞ ከማርቆስ ወንጌል ጋር አስተያዩት። ዳኛው በተከሳሹ ኃላፊነት ላይ ጥርጣሬ ሲያድርበት የባለሙያ ምስክርነት መጠየቅ አለበት። የተከሳሹ ጠባይ፣ ያለፈ ሕይወትና ኑሮ እንዲጣራ ማዘዝም ይችላል። ተከሳሹ የሚጥል በሽታ ምልክት ከታየበት ወይም መስማትና መናገር የተሳነው ከሆነ ደግሞ ባለሙያ ማስቀረብ ግዴታ ነው። ከተራራው ግርጌ ያለው ልጅ ያለበት ሁሉ እዚህ ተዘርዝሯል። ሕጉ ዳኛውን «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለህ ጠይቅ ብሎታል ማለት ነው።

ያው ሕግ ግን በወጣት ጥፋተኛ ላይ እስከ 12 የሚደርስ ግርፋትም ይፈቅድ ነበር። የሚገረፈው ልጅ ለምን እንደሚገረፍ ቢገባው አንድ ነገር ነው። ባይገባውስ?

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 171 ጀምሮ ለወጣቶች የተለየ ሥርዓት አበጀ። ወጣቱ ሲያዝ ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለ የወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጉዳዩ በአደባባይ ሳይሆን በጽሕፈት ቤት፣ ያለ ብዙ ሥነ ሥርዓት ይሰማል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልቀረበለት ጠበቃ ይቆምለታል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው፣ ወጣት ጥፋተኞችም ከአዋቂዎች ተለይተው መያዝ እንዳለባቸው ደነገገ። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ሁሉ የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዝዛል። «በሚገባው ቋንቋ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው አማርኛ ነው፣ ኦሮምኛ ነው፣ ትግርኛ ነው እያልን ነው። በአማርኛ ተወልዶ ያደገ፣ ነገር ግን ረጅም ዐረፍተ ነገር የማይገባው ልጅስ? የእርሱ ቋንቋ አጭር ቃል ነው፤ ቀስ ያለ ድምፅና በትዕግሥት የተደገመ ጥያቄ ነው።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ግርፋቱን አስቀረው። ስሙ እንኳ ከ«ወንጀለኛ መቅጫ» ወደ «ወንጀል ሕግ» ተለወጠ። በአንቀጽ 54 ዳኛው ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ መረጃ እንዲጠይቅ፣ ወላጆቹንና የትምህርት ቤቱን ተወካዮች እንዲሰማ በር ይከፍታል። በአንቀጽ 158 ደግሞ የአእምሮ እድገቱ የዘገየ፣ የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት ተገቢ ሕክምና ወደሚያገኝበት ተቋም እንዲገባ ያዝዛል፤ ሕክምናው በተቻለ መጠን ትምህርትም እንዲኖርበት ይላል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አእምሯዊ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ከሌሎች እኩል ፍትሕ ማግኘት እንዲችሉ መንግሥታትን ያስገድዳል።

እንግዲህ ወረቀቱ መልካም ነው። ችግሩ ያለው በወረቀቱና በመንገዱ መካከል ነው። ለወጣት ጥፋተኞች የተዘጋጀው የጠባይ ማረሚያ ተቋም ለብዙ ዘመን በአገሪቱ አንድ ብቻ፣ እርሱም በአዲስ አበባ ልደታ አካባቢ ነበር። አንቀጽ 158 «ተገቢ ተቋም» ሲል ከስማዳ ወይም ከእብናት የመጣ ልጅ የትኛው ተቋም ይገባል? ተቋም ሲታጣ የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ወይም የአዋቂዎች ማረሚያ ቤት ይቀራል።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ

አንዳንዶቻችሁ «በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ልጅ ስንት ይኖራል?» ትሉ ይሆናል። መልሱን ለመገመት የእናቶቻችንን አንገት ተመልከቱ። በደጋው እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም። ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት ነው። የተራራ አፈር በብዙ ዘመን ዝናብ ታጥቦ አዮዲኑን ያጣል፤ በአፈሩ የሚበቅለውም እህል እንዲሁ። አዮዲን ያጣች ነፍሰ ጡር እናት የምትወልደው ልጅ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። አስቀድሞ ሊከለከሉ ከሚችሉ የአእምሮ እድገት ውስንነት መንስኤዎች በዓለም ዋነኛው ይህ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አዮዲን ያለበት ጨው።

ታሪኩ ግን ቀላል አልሆነም። ከ1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በፊት ከአሰብ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋ አገሪቱ ወደ አፍዴራ ጨው ዞረች፤ ይህ ጨው ግን አዮዲን አልነበረውም። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል የተወለዱት እነማን ናቸው? የእናንተ እኩዮች ናቸው። አብረዋችሁ ፊደል ቆጥረው ከሁለተኛ ክፍል ያቋረጡ፣ መምህሩ «አይገባውም» ያላቸው፣ መንደሩ «ጅሉ» ብሎ የሚጠራቸው። አንዳንዶቹ የጎደላቸው ትጋት ሳይሆን በእናታቸው ወጥ ውስጥ ያልነበረች ቅንጣት ነገር ሊሆን ይችላል።

ከአዮዲን ሌላም ምክንያት አለ። የተራዘመ ምጥ፣ የማጅራት ገትር፣ በሕፃንነት የደረሰ ርሃብ የአእምሮን እድገት ሊጎዱ ይችላሉ። እንዲሁም አእምሮው ሙሉ ሆኖ ፊደል ብቻ የሚምታታበት ልጅ አለ። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በአገራችን የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። ለዓይነ ስውራን ሰበታ፣ መስማት ለተሳናቸው ሆሳዕና ቀደም ብለው ትምህርት ቤት አግኝተዋል። ጉዳቱ በዓይን የማይታይ ልጅ ግን የመጨረሻውን ተራ ያዘ። እርሱ ላይ እስር ሲጨመርበት ነው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው።

እንዲህ ያሉ ወጣቶች በማረሚያ ቤት መብዛታቸው የእኛ አገር ብቻ ታሪክ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት በወጣቶች ማረሚያ ካሉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚሰጣቸው ልጆች መሆናቸውን አሳይቷል፤ ይህም በመደበኛ ትምህርት ቤት ካለው መጠን እጅግ ይበልጣል። ምክንያቱ እነዚህ ልጆች ከሌላው የከፉ ስለ ሆኑ አይደለም። በትምህርት ስለሚወድቁ ቶሎ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ። ብልጣ ብልጦች ሌላው ሸሽቶ እነርሱ እንዲያዙ ያደርጓቸዋል። ከተያዙም በኋላ ራሳቸውን ማስረዳት አይችሉም።

ለሁለት የተተረጎመ ቃል

በእንግሊዝ አገር የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1952 ሁለት ልጆች በለንደን አቅራቢያ ክሮይደን በተባለ ስፍራ መጋዘን ሊሰርቁ ጣሪያ ላይ ወጡ። አንዱ የ16 ዓመቱ ክሪስቶፈር ክሬግ፣ ሌላው የ19 ዓመቱ ዴሪክ ቤንትሊ ነበር። ቤንትሊ ማንበብ አይችልም፤ አእምሮው እንደ 11 ዓመት ልጅ ነው ተብሎ ነበር፤ የሚጥል በሽታም ነበረበት። ፖሊሶች መጡ። ቤንትሊ ወዲያው ተያዘ። ክሬግ ግን ሽጉጥ ነበረውና ተኩሶ ሲድኒ ማይልስ የተባለውን ፖሊስ ገደለ።

በችሎት ፖሊሶቹ ቤንትሊ ለጓደኛው ጮኾ ነበር አሉ። የተናገረው ቃል በእንግሊዝኛ ሁለት ትርጉም ነበረው፤ «ሽጉጡን ስጠው» ማለትም፣ «በለው» ማለትም ይሆናል። ቤንትሊ ጭራሹን አልተናገርኩም አለ። ራሱ ሊያነበው የማይችለው የእምነት ቃልም በስሙ ቀረበበት። ክሬግ ዕድሜው ስላልደረሰ ከሞት ቅጣት ዳነ። ያልተኮሰው ቤንትሊ ግን ጥር 28 ቀን 1953 በስቅላት ተቀጣ። እህቱ አይሪስ ስሙን ለማስመለስ ዕድሜዋን ሙሉ ታገለች። እርሷ በሞተች በዓመቱ፣ በ1998፣ ፍርድ ቤቱ የጥፋተኝነት ፍርዱን ሻረ። ዐርባ አምስት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው።

በእንግሊዝ ጣሪያ ላይ የሆነው በጉና ሥር ባለ ወረዳ ፖሊስ ጣቢያም ሊሆን ይችላል። አንድ የ16 ዓመት እረኛ አስቡ። ታላላቆቹ «በጉን ወደዚያ ንዳው» አሉት፤ ነዳው። በጉ የጎረቤት ነበር። ታላላቆቹ ሸሹ፤ እርሱ ከበጉ ጋር ተገኘ። መርማሪው «ሰረቅህ?» ሲለው «አዎ» ይላል። «ብቻህን ነህ?» ሲለው «አዎ» ይላል። «አንተ አይደለህም እንዴ?» ቢለውም «አዎ» ይላል። በቤቱም በሜዳውም «አዎ» ሲል ዱላው እንደሚቆምለት ተምሯልና።

ቀጥሎ የዕድሜው ነገር ይመጣል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ልጅ ዕድሜው «በዘመነ ማርቆስ፣ ክረምት ሊገባ ሲል» በሚል ይቆጠራል። ሕጉ ከ15 ዓመት በላይ ያለውን ወጣት በመሠረቱ በመደበኛው የወንጀል ድንጋጌ ያየዋል፤ ቅጣቱን ማቅለል ለዳኛው የተተወ ነው። ስለዚህ የ16 ዓመት አካል የ8 ዓመት አእምሮ ይዞ ሲቀርብ የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉዳቱን አይቶ ለዳኛው የሚናገርለት ሰው።

ዳኛው አያውቀውም። ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም እንዲሁ። የድሮው ሽማግሌ ያውቀው የነበረውን የልጁን ታሪክ ዛሬ ማን ይዞ ወደ ችሎት ይሂድ?

የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ድርሻ

የሚያውቁት እናንተ ናችሁ። አብራችሁት ያደጋችሁ፣ በሰንበት ትምህርት ጥቅስ ማጥናት ሲያቅተው ያያችሁት እናንተ ናችሁ። መጽሐፈ ምሳሌ በ31፥8 ስለ ራሱ መናገር ለማይችል ሰው አፋችንን እንድንከፍት ያዘናል። ይህ ትእዛዝ ለንጉሥ የተሰጠ ቢሆንም ለንጉሥ ካህናት ልጆችም ይሠራል።

መጀመሪያ አንደበታችንን እናርም። «ጅል»፣ «ደደብ»፣ «ዘገምተኛ» የሚሉት ቃላት ከጸሎት ቤታችን ይውጡ። ትምህርት ያልገባውን ሁሉ ርኩስ መንፈስ አለበት ማለትም ይቅር። ጌታችን ርኩስ መንፈስን ገሥጿል፤ ነገር ግን ልጁን አልገሠጸም። ለሚጥል በሽታ ክኒን አለ፤ ለሚምታታ ፊደል ታጋሽ አስተማሪ አለ። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

ሁለተኛ፣ ልጁ ሲያዝ ዝም አንበል። ከወላጆቹ ጋር ሄዳችሁ ፍርድ ቤት መቅረቡን ጠይቁ። የትምህርት ቤት ውጤቱን፣ የጤና ጣቢያ ካርዱን፣ የሚያውቀውን መምህር ይዛችሁ ሂዱ። በትሕትና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በአንቀጽ 54 መሠረት መምህሩና እናቱ ይሰሙልን» ማለት ወንጀለኛን መደበቅ አይደለም፤ ዳኛው ሕጉን እንዲፈጽም መርዳት ነው። የሕግ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበት ክፍል አላቸውና እርሱንም ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ተበዳዩን አንርሳ። በጉ የተወሰደበት ገበሬ፣ በድንጋይ የተፈነከተች ልጅ እውነተኛ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ጌታ በሉቃስ 12 ያስተማረው የጌታውን ፈቃድ ያላወቀ አገልጋይ ቅጣቱ ጥቂት እንደሚሆን እንጂ በደሉ እንዳልነበረ አይደለም። ስለዚህ ካሣው እንዲከፈል፣ ዕርቁ እንዲወርድ ከሽማግሌዎች ጋር እንሥራ። ልጁም የበደለውን ሰው ፊት ለፊት አይቶ፣ በሚገባው መጠን ይቅርታ ይጠይቅ።

አራተኛ፣ በማቴዎስ 25 ጌታ እስረኛን የጎበኘ እርሱን እንደ ጎበኘ ተናግሯል። ማረሚያ ቤት ስትሄዱ መዝሙር ብቻ ዘምራችሁ አትመለሱ። ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ወጣት ስሙን ጠይቁት፤ ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንዳለም ጠይቁ። ቤተሰቡ የት እንዳለ እንደማያውቅ ካያችሁ ፈልጉለት።

አምስተኛ፣ እናቶቻችሁ የሚገዙት ጨው አዮዲን ያለበት መሆኑን አይታችሁ ግዙ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ገና ያልተወለደ ልጅ ግን ነገ በዳኛ ፊት ቃል እንዳይጠፋበት ልታደርግ ትችላለች።

ጴጥሮስ በተራራው ላይ ሳለ በዚያ መኖር መልካም መስሎት ሦስት ዳስ ሊሠራ አሰበ። እኛም በጉባኤያችን፣ በመዝሙራችንና በሌሊት ጸሎታችን ከፍታውን እንወደዋለን፤ መውደዳችንም መልካም ነው። ጌታ ግን ዳስ ሳያሠራ ሦስቱን ይዟቸው ወረደ። ከሥር አባትየው ልጁን ይዞ እየጠበቀ ነበር።